ቤት ለሚቀመጥ ሽጉጥ መብራት ይሻላል ወይስ ሌዘር?

ሌሊት ወፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት የማስቀምጠው ፈቃድ ያለው ባለ 9 ሚሊ ሽጉጥ አለኝ። ይዤው አልወጣም። ሌሊት አንድ ነገር ቢመጣ ለሚለው ብቻ ነው። ከአፈሙዙ ስር ያለው ሬይል (ዕቃ የሚገጠምበት ሐዲድ) ባዶ ስለሆነ አንድ ነገር ልገጥምበት አስቤያለሁ። ግን የሚሸጠውን ባየሁ ቁጥር ይበልጥ ግራ ይገባኛል። አንዱ 500 ሉመን ይላል፣ ሌላው 1,000፣ ሌላው 2,000። ካንዴላ የሚባል ነገር ደግሞ አለ። ቀይ ሌዘር፣ አረንጓዴ ሌዘር፣ መብራትና ሌዘርን በአንድ የያዘ...

ቤቱ ትልቅ አይደለም። ከመኝታ ቤቱ በር እስከ ሳሎኑ ጥግ ረጅሙ ርቀት 10 ሜትር ቢሆን ነው። ግድግዳው ሁሉ ነጭ ነው። እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ ሌዘሩ ያደላል። ነጥቡን ማሳረፍና ቃታ መሳብ ነው፣ ከዚህ የሚቀል ምን አለ? የምታውቁ በሉኝ።

ጡረተኛው

ወንድሜ፣ ሌዘሩን ለጊዜው አቆየው። ሌሊት ኮሽታ ሰምተህ ስትነሳ መጀመሪያ የምትፈልገው መልስ «ማነው?» ለሚለው ነው። «የት ልምታው?» ገና ሩቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጭራሽ አይደረስበትም። ሌዘር የሚያሳይህ አንዲት ነጥብ ነው። ነጥቧ ያረፈችው ሌባ ላይ ይሁን ውኃ ሊጠጣ የተነሳ ልጅህ ላይ አትነግርህም።

አራቱን የመሣሪያ ሕጎች ሰምተህ ይሆናል፤ ጄፍ ኩፐር የሚባለው አሜሪካዊ አሰልጣኝ ያስፋፋቸው ናቸው። ሁሉንም መሣሪያ ጥይት እንደጎረሰ ቁጠረው። ልታጠፋው ወደማትፈልገው ነገር አፈሙዝ አታዙር። ማነጣጠሪያህ ዒላማው ላይ እስኪያርፍ ድረስ ጣትህ ከቃታው ይራቅ። ዒላማህንና ከጀርባው ያለውን እወቅ። ይህቺን አራተኛዋን በጨለማ፣ ያለ መብራት፣ የምትፈጽምበት መንገድ የለም። ግድግዳውንም ብዙ አትመነው። ስስ የጂፕሰም ግድግዳ ከሆነ 9 ሚሊ ከአንድ ክፍል አልፎ ሌላው ውስጥ ይገባል።

እኔ የምለው፣ መጀመሪያ መብራት፣ ቀጥሎ ልምምድ፣ ሌዘር ከዚያ ወዲያ።

ፈጣኑ

2,000 ሉመኑን ግዛ፣ ብልጭ ድርግም በሚለው ሞድ ላይ አድርገው፣ ሌባው ዓይኑን ይዞ ቁጭ ይላል። አለቀ። ምን ያስጨንቃል?

ሉመን ቆጣሪ

@ፈጣኑ ግድግዳዬ ነጭ ነው ያለውን አላየህም መሰለኝ። ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንፍታቸው፣ ምክንያቱም ሻጮች ሉመኑን በትልቁ ይጽፉና ካንዴላውን ጥግ ላይ ይደብቁታል።

ሉመን ከመብራቱ የሚወጣው ብርሃን ጠቅላላ ድምር ነው። ወደ ፊት ይሂድ፣ ወደ ጎን ይበተን ግድ የለውም። ካንዴላ ደግሞ ብርሃኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል ተሰብስቦ እንደሚሄድ ይናገራል። የውኃ ጎማ አፍ ላይ አውራ ጣትህን ስታደርግ ውኃው አይጨምርም፤ ግን ሩቅ ይደርሳል። ነገሩ እንደዚያ ነው።

ምሳሌ ልስጥህ። ስትሪምላይት ቲኤልአር-7ኤ 500 ሉመንና 5,000 ካንዴላ ነው። የዚያው ድርጅት ቲኤልአር-1 ኤችኤል 1,000 ሉመንና 20,000 ካንዴላ። የሹርፋየር ኤክስ300 አልትራ በሉመን ከዚህኛው ጋር እኩል ነው፣ 1,000፤ ካንዴላው ግን 11,300 ነው። የዚሁ ቤተሰብ ኤክስ300 ተርቦ ደግሞ ሉመኑ ወደ 650 ወርዶ ካንዴላው 66,000 ይደርሳል። ስለዚህ ሉመኑን ብቻ አይተህ «ይሄ ይበልጣል» ማለት አትችልም።

ለቤት ስሌቱ ቀላል ነው። ካንዴላውን በርቀቱ ካሬ አካፍለው፤ የምታገኘው ዒላማው ላይ የሚያርፈው ብርሃን በሉክስ ነው። በ5 ሜትር ላይ 5,000 ካንዴላ 200 ሉክስ ይሰጥሃል። 20,000ው 800። በ10 ሜትር ላይ የመጀመሪያው 50፣ ሁለተኛው 200። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ብርሃኑ ሩብ ነው የሚሆነው። ለማነጻጸር፣ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ከ300 እስከ 500 ሉክስ ይመከራል። ሰውየው እጁ ውስጥ ያለው ስልክ ይሁን ቢላዋ ለመለየት 200 በደንብ ይበቃል። በ50ም ይታያል፣ ግን ከመስኮት የሚገባ የመንገድ መብራት ወይም የበራ ቴሌቪዥን መሀል ካለ ይደበዝዝብሃል።

እንግዲህ ለአንተ ቤት ከ5,000 እስከ 20,000 ካንዴላ መሀል ያለው ሁሉ ይሠራል። ተርቦው ለግቢና ለሜዳ ነው። መሀሉ ላይ ጠባብ ኃይለኛ ብርሃን ይተክልና ጎን ለጎን ያለውን ያሳንሰዋል። ቤት ውስጥ የምትፈልገው ግን በአንድ ጊዜ የክፍሉን ጥግና ጥግ ማየት ነው።

ካርቶኑ ላይ «282 ሜትር ይደርሳል» የሚል ካየህ አትደነቅ። ያ ቁጥር ኤኤንኤስአይ ኤፍኤል1 ከሚባለው የባትሪ መለኪያ ደረጃ የመጣ ነው። ብርሃኑ ወደ 0.25 ሉክስ የሚወርድበት ርቀት ማለት ነው፣ የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ያህል። በዚያ ብርሃን የሰው ፊት አትለይም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «1 ሰዓት ተኩል ይቆያል» ሲል ብርሃኑ ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ያለውን ጊዜ ነው የሚቆጥረው።

አሁን ስለ ነጩ ግድግዳ። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። ከእንቅልፍህ ስትነሳ ዓይንህ ጨለማውን የለመደ ነው። በዚያ ሰዓት ግማሽ ሜትር ላይ ባለ ነጭ የበር መቃን 2,000 ሉመን ብትለቅ የምትታወረው አንተ ነህ። ብልጭ ድርግሙ ደግሞ ለአንተም ያው ብልጭ ድርግም ነው። ሰውየው ሲንቀሳቀስ ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን ነው የምታየው፤ እጁ ወዴት እንደሄደ ይጠፋብሃል። ብልጭ ድርግሙን ብቻ ማጥፋት የሚቻልበት መብራት ከሆነ አጥፋው።

ፈጣኑ

እሺ በቃ፣ ተሸነፍኩ። ግን ትንሽ መብራት ለትልቅ ሌባ አይመጥንም እላለሁ አሁንም 😄

ብረት ሠሪ

ሁላችሁም ሽጉጡ ላይ የሚገጠም መብራት ስታወሩ አንድ ነገር ዘላችኋል። ሽጉጡ ላይ ያለ መብራት የሚያየው አፈሙዙ የሚያየውን ነው። በኮሪደሩ ያለው ማን እንደሆነ ለማየት ያንን መብራት ከተጠቀምክ ያልለየኸው ሰው ላይ ሽጉጥ ደቅነሃል ማለት ነው። ጋሼ ጡረተኛው የጠቀሱት ሁለተኛው ሕግ ተጣሰ ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የእጅ ባትሪ ግዛ። ጥሩ፣ ጠንካራ፣ ማብሪያው ጀርባው ላይ የሆነ፣ ስትጫነው የሚበራ ስትለቀው የሚጠፋ። ለምን እንደሆነ አላውቅም ሰው ለሽጉጡ ውድ መብራት ይገዛና ትራሱ አጠገብ የሞተ የእጅ ባትሪ ያስቀምጣል። በእጅ ባትሪ መፈለግ፣ ማየት፣ ኮሽታው ድመት መሆኑን አረጋግጦ ተመልሶ መተኛት ይቻላል። ሽጉጡ ከሳጥኑ ሳይወጣ። ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ ነገሩ የሚያልቀው እንደዚያ ነው።

ጡረተኛው

ልጄ ብረት ሠሪ ያልከው ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ሽጉጥ በአንድ እጅ፣ ባትሪ በአንድ እጅ ይዘህ በር ክፈት። ልጅ እቀፍ። ስልክ ደውል። ሽጉጡ ቢነክስ አስተካክል። እጅ ያጥርሃል። በአንድ እጅ መተኮስም ለብዙ ሰው ከባድ ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዙባቸው ዘዴዎች አሉ። በ1970ዎቹ የመጣው የሃሪስ አያያዝ የሚታወቅ ነው፤ የሁለቱን እጆች ጀርባ አጋጥመህ ባትሪ የያዘው እጅ ከስር ይሆናል። ክንድ ቶሎ ይደክማል። እኔ ለጀማሪ ቀላል ሆኖ ያገኘሁት ባትሪውን ከአገጭና ከአንገት አጠገብ ማድረጉን ነው። ዓይንህ ባየበት ብርሃኑ አብሮ ይዞራል።

ሽጉጡ ላይ ያለው መብራትም ቢሆን ሰው ላይ መደቀን ግድ አይደለም። ብርሃን ይበተናላ! አፈሙዙን ዝቅ አድርገህ ከፊትህ ወለሉ ላይ አብራ። ነጭ ግድግዳና ነጭ ጣሪያ ያለበት ክፍል ከወለል በሚመለሰው ብርሃን ብቻ ወለል ብሎ ይታያል። የሰውየው ፊትም እጁም። ሉመን ቆጣሪ ነጩን ግድግዳ እንደ ጠላት አየው እንጂ እዚህ ላይ ወዳጅ ነው።

እናም ሁለቱንም ያዝ። የእጅ ባትሪው ለማየት፣ የሽጉጡ መብራት ደግሞ ሽጉጡ ቀድሞ ሊወጣ ግድ ላለበት ሰዓት።

የሁለት ልጆች እናት

ይቅርታ፣ ከሽጉጡ ትንሽ ልውጣ። ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ የጠቀሰ ሰው የለም! እኛ ቤት ኮሪደሩ ላይ እንቅስቃሴ ሲሰማው የሚበራ አነስተኛ መብራት አስገጥመናል። ግቢ በሩ ላይም አለ። ልጄ ለሽንት ስትነሳ እሷ መሆኗን ከአልጋዬ ሳልነሳ አያለሁ። ባለቤቴ ሽጉጡ ላይ ሌዘር ልግጠም ሲል ያልኩት ይህንኑ ነው፣ በመጀመሪያ ቤቱ ውስጥ ብርሃን ይኑር።

ሌላው፣ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ሽጉጡ ትራስ ስር አይሆንም። በቁጥር ወይም በጣት አሻራ የሚከፈት፣ ከአልጋው ጋር የታሰረ ሳጥን ያስፈልጋል። ይህን እዚህ የማነሳው ምክንያት አለኝ። መብራት የተገጠመበት ሽጉጥ በብዙዎቹ ትንንሽ ሳጥኖች ውስጥ አይገባም። እኛም ያወቅነው ከገዛን በኋላ ነው። መብራቱን ከመግዛታችሁ በፊት የሳጥኑን ውስጠኛ ስፋት ለኩ።

እና ጥያቄ ልጠይቅ፣ እቅዳችን ልጆቹን ይዘን መኝታ ቤታችን ገብተን፣ ቆልፈን፣ ፖሊስ መጥራት ነው። ከክፍል ክፍል መዞር የለም። እንዲህ ከሆነ ሽጉጡ ላይ መብራት ጭራሽ ያስፈልጋል?

ጡረተኛው

እህቴ፣ እቅድሽ እዚህ ከተጻፈው ሁሉ ይበልጣል። ከክፍል ክፍል መዞር ሠልጥነው ብዙ ሆነው ለሚሄዱ ሰዎች እንኳ አደገኛ ሥራ ነው። አንዱን በር እየጠበቅሽ ከሆነ ግን መብራቱ የበለጠ ይጠቅምሻል። አንደኛው እጅሽ ስልክ ይዟል። በሩን ሰብሮ የሚገባው ሰው ማን እንደሆነ የምታይው በሌላኛው ነው። ፖሊስ ሲደርስ ደግሞ ሽጉጡን አስቀምጪ፣ መብራቱንም አጥፊ። ጨለማ ውስጥ ሽጉጥና ብርሃን ይዞ የቆመ ሰው ለእነሱም ያልታወቀ ሰው ነው።

መነጽር ለባሹ

እኔ ሌዘርን ልከላከለው ነው፣ ለብቻው ቀረ።

ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል። የሽጉጤን የፊት ማነጣጠሪያ ያለ መነጽር አላየውም። ሌሊት በድንጋጤ ስነሳ መነጽር አልፈልግም። ሽጉጡን አቅንቼ ስይዝ የማየው ጭጋግ ነው። የሌዘሩን ነጥብ ግን አያለሁ፤ ምክንያቱም ነጥቡ ያለው ሩቅ፣ እኔ ደህና አድርጌ በማይበት ቦታ ላይ ነው። ወድቄ፣ ከአልጋ ጀርባ ተኝቼ፣ ሽጉጡን ከዓይኔ ጋር ማገጣጠም በማልችልበት ሁኔታም ቢሆን ይሠራል።

ሌላው ማንም የማያነሳው ጥቅሙ ለልምምድ ነው። ሽጉጡን ባዶ መሆኑን ደጋግመህ አረጋግጠህ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጠህ፣ ጥይት በሚያቆም ግድግዳ ላይ ሌዘሩን አሳርፈህ ቃታ ሳብ። ቃታው ሲለቅ ነጥቡ ወደ ግራ ዘለለ? ጣትህ እየገፋው ነው። ወደ ታች ወረደ? የተኩሱን ግፊት ቀድመህ እየጠበቅኸው ነው። ወረቀት ዒላማ ይህን ያህል አይነግርህም።

መብራት ይቅር አላልኩም። መብራቱ ይቅደም። ግን «ሌዘር መጫወቻ ነው» የምትሉ ወጣቶች ዓይናችሁ እስኪደክም ጠብቁ።

ብረት ሠሪ

ጋሼ፣ ዓይንን በተመለከተ ልክ ነዎት። ለእርስዎ ግን ከሌዘር ይልቅ ሽጉጡ አናት ላይ የሚገጠም ሬድ ዶት (በትንሽ መስታወት መስኮት ውስጥ ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) ይሻልዎት ነበር እላለሁ። እሱም ነጥቡን ሩቅ እያዩ ነው የሚጠቀሙበት፣ ነጥቡን የሚያየው ደግሞ ተኳሹ ብቻ ነው። የሌዘሩ ብርሃን ግን በጭስና በአቧራ ውስጥ መስመር ሠርቶ እርስዎ ያሉበትን ይጠቁማል። መስታወት፣ የቴሌቪዥን ስክሪን ወይም የመስኮት መስታወት ላይ ካረፈም ተመልሶ ወደ ቤተሰብ ዓይን ሊሄድ ይችላል።

ሁለተኛው ችግር ነጥብ ማሳደድ ነው። ሰው ነጥቡን ግድግዳው ላይ ሲፈልግ ሽጉጡ በእጁ እየዞረ ነው። ማነጣጠሪያውን ቢጠቀም ኖሮ ሁለቴ ጨርሶ ነበር። ይህን በተኩስ ሜዳ ላይ በየጊዜው አያለሁ።

መነጽር ለባሹ

ሬድ ዶቱን ለመግጠም የሽጉጡ አናት መቆረጥ አለበት፤ የእኔ ያረጀ ሞዴል ነው። ነጥብ ማሳደዱ ግን የልምምድ ጉዳይ ነው። ሽጉጡን ወደ ዓይን ማምጣቱን ያልተማረ ሰው በሬድ ዶቱም ነጥቡን መስኮቱ ውስጥ ሲፈልግ ያድራል።

ሉመን ቆጣሪ

ሌዘር የሚገዛ ካለ ቀለሙን ልንገራችሁ። ቀዮቹ የብርሃናቸው የሞገድ ርዝመት ከ635 እስከ 650 ናኖሜትር ነው። አረንጓዴዎቹ ከ520 እስከ 532። የሰው ዓይን በቀን ብርሃን ይበልጥ ነቅቶ የሚያየው 555 አካባቢ ነው፤ በጨለማ ደግሞ ወደ 507 ይወርዳል። አረንጓዴው በሁለቱም ቅርብ ነው። በተመሳሳይ ኃይል 635ቱ ቀይ ከ650ው በእጥፍ ያህል ይደምቃል፣ አረንጓዴው ደግሞ ከ635ቱ በሦስትና በአራት እጥፍ።

ነገር ግን ጨለማ ክፍል ውስጥ ቀዩም በደንብ ይታያል። ልዩነቱ የሚመጣው ነጩ መብራት ሲበራ ነው። ቀዩ በነጩ ብርሃን ውስጥ ይዋጣል፣ አረንጓዴው ግን ይተርፋል። መብራትና ሌዘር አንድ ላይ የያዘውን የምትገዛ ከሆነ አረንጓዴውን ውሰድ።

የቆዩት 532ዎቹ አረንጓዴውን የሚፈጥሩት ከኢንፍራሬድ ተነስተው በክሪስታል እየለወጡ ስለሆነ ብርድ ይጎዳቸዋል። 520ዎቹ በቀጥታ አረንጓዴ የሚያመነጩ ናቸው፤ ለሙቀትና ለብርድ የተሻሉ ናቸው። ኃይሉ ከ5 ሚሊዋት አይብለጥ። በዓይን አይቀለድም።

ሌሊት ወፍ

ብዙ ተማርኩ፣ አመሰግናለሁ። ሌዘሩ ሽጉጡ ስር ሲገጠም ጥይቱ ነጥቡ ላይ ያርፋል ወይስ ከፍ ይላል? ከአፈሙዙ በታች ነው ያለው አይደል?

ብረት ሠሪ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሌዘሩ ከአፈሙዙ በታች 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው እንበል። ሁለት ምርጫ አለህ።

አንደኛው፣ በ10 ሜትር ነጥቡና ጥይቱ እንዲገናኙ ማስተካከል። ያኔ በ5 ሜትር ጥይቱ ከነጥቡ 2 ሴንቲ ከፍ ይላል። በ20 ሜትር ደግሞ 4 ሴንቲ ዝቅ ይላል። ሁለተኛው፣ ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን እንዲሄዱ ማስተካከል፤ በየትኛውም ርቀት ጥይቱ ከነጥቡ 4 ሴንቲ ከፍ ብሎ ያርፋል። ለቤት ሁለቱም ያው ነው። ዋናው ነገር ፋብሪካው አስተካክሎታል ብለህ አለመተውህ ነው። ሜዳ ሄደህ ራስህ አስተካክለው፤ ባወለቅከውና በመለስከው ቁጥርም አረጋግጥ።

አወያይ

ውይይቱ ጥሩ እየሄደ ስለሆነ ብዙ አልገባም። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። ሽጉጥ ላይ ሌዘር መግጠም የተከለከለባቸው አገሮች አሉ። ፈቃዳችሁ ምን እንደሚል አንብቡ። «ያለ ፈቃድ ከየት አገኛለሁ» የሚለውን መልዕክት አጥፍቼዋለሁ፣ ደግሞ አይምጣ።

ዝምተኛው

ርካሽ መብራት ልግዛ ለምትሉ። እኔ ስሙ የማይታወቅ፣ ከውጭ ሲያዩት ከታወቁት ጋር አንድ የሚመስል ገዛሁ። ቤት ውስጥ ግሩም ነበር። ሜዳ ላይ ሁለተኛው ጥይት ሲወጣ ጠፋ። ነካ ሳደርገው በራ፣ ስተኩስ ጠፋ። ስከፍተው ድንጋዩን የሚይዘው ስፕሪንግ ለስላሳ ሆኖ በግፊቱ ቁጥር ድንጋዩ ወደ ኋላ እየሸሸ ንኪው ይቋረጣል። ሬይሉን የሚያጠብቀው ብሎንም ላልቶ ነበር። የእጅ ባትሪ ርካሽ ቢሆን ይታለፋል። ሽጉጥ ላይ የሚገጠም ግን ግፊቱን መቻል አለበት።

ሌሊት ወፍ

ማብሪያውስ? በየትኛው ጣት ነው የሚበራው? አንዳንዱ እጀታው ላይ ሽቦ ወርዶ ሽጉጡን ጨበጥ ሲያደርጉት የሚበራ ዓይነት ነው። እሱ ቀላል መሰለኝ።

ጡረተኛው

እሱን ተው! ሰው ሲደነግጥ ይጨብጣል። በአንድ እጁ ሲጨብጥ የሌላኛው እጁ ጣትም አብሮ ይሰበሰባል፤ ወድዶ አይደለም፣ ነርቩ ነው። ለማብራት መጨበጥን ከለመድክ ጣትህ ቃታው ላይ የገባች ቀን ማብራትና መተኮስ አንድ ይሆናሉ። በተጨማሪም መብራት ሳትፈልግ ይበራብሃል።

የሚተኩሰው እጅ ጣት መብራት አይነካም። ይህን ሕግ አድርገህ ያዘው። የሚደግፈው እጅ አውራ ጣት ነው የሚያበራው። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት አውራ ጣትህ አያያዝህን ሳይለውጥ ማብሪያው ላይ መድረሱን እይ። እጁ ትንሽ የሆነ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። መብራቱም ስትጫን የሚበራ ስትለቅ የሚጠፋ ይሁን፤ አብራ፣ እይ፣ አጥፋ፣ ቦታ ቀይር። አብርቶ መቆየት ያለህበትን ማወጅ ነው።

ረጅም መሣሪያ፣ ሾትጋን ለምሳሌ፣ ያላችሁ ደግሞ መብራቱን የሚደግፈው እጃችሁ በተፈጥሮ በሚያርፍበት ቦታ አድርጉት። እዚያ ላይ በሽቦ የሚወርድ መጫኛ ችግር የለውም፣ ከቃታው እጅ ጋር ስለማይገናኝ።

ሉመን ቆጣሪ

ስለ ድንጋዩ አንድ ነገር ሳልል አልወጣም። አብዛኞቹ የሽጉጥ መብራቶች ሲአር123ኤ የሚባለውን ባለ 3 ቮልት ሊቲየም ነው የሚበሉት። መሳቢያ ውስጥ እስከ 10 ዓመት ሳይሞት ይቀመጣል። ለቤት ሽጉጥ ከዚህ የሚሻል የለም። በመጠን የሚመስለው ቻርጅ የሚደረግ ዓይነትም አለ፣ ግን ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል። ሁለት የሚወስድ መብራት ውስጥ ከ6 ይልቅ 8.4 ቮልት ገባ ማለት ነው። መብራቱ ለዚያ ካልተሠራ ይቃጠላል። አሮጌና አዲስም አትቀላቅሉ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ቀይሩ። ደካማውን ጠንካራው ያስጨንቀውና ሊፈነዳ ይችላል።

ድንጋዩን ስትቀይሩ ደግሞ መጀመሪያ ካርታውን (የጥይት መያዣውን) አውጡ፣ የጎረሰውን ጥይት አውጡ፣ አይታችሁ አረጋግጡ። አንዳንዱ መብራት ከፊት በኩል ነው የሚፈታው። እጃችሁ አፈሙዙ ፊት ላይ ይሆናል።

ብረት ሠሪ

የመስታወቱም ነገር አለ። ስትተኩሱ የባሩዱ ጥላሸት መስታወቱን ይሸፍነዋል። አንድ ልምምድ ጨርሳችሁ ብርሃኑ ቢጫና ደብዛዛ ከሆነባችሁ መብራቱ አልተበላሸም። ከመተኮሳችሁ በፊት የከንፈር ቅባት በስሱ ቀብታችሁ፣ ሲያልቅ በጨርቅ መጥረግ ነው። ጥላሸቱ ከደረቀ የእርሳስ ላጲስ ያነሳዋል። ፕላስቲክ ከሆነ ግን ነዳጅና ማሟሟቻ አታስነኩት።

ሌሊት ወፍ

በቃ ወሰንኩ። ሌዘሩን ትቼዋለሁ። ጥሩ የእጅ ባትሪ ዛሬውኑ፣ ለሽጉጡ ደግሞ ከታወቀ ድርጅት 500 ሉመኑን ትንሹን እወስዳለሁ፣ ሳጥኔም ውስጥ የሚገባው እሱ ብቻ ነው፣ ለካሁት። የእህታችንን ምክር ተቀብዬ ኮሪደሩ ላይም እንቅስቃሴ ሲሰማው የሚበራውን እተክላለሁ። ትናንት ማታ ሽጉጡን ሳልነካ በአሮጌው የእጅ ባትሪ ብቻ ቤቱን ዞሬ አየሁት። የሳሎኑ ቁም ሳጥን ላይ ያለው መስታወት ብርሃኑን በቀጥታ ወደ እኔ መለሰው፣ ለጥቂት ሰከንድ ምንም አላየሁም። ቦታውን ልቀይረው ነው።

የመጨረሻ ጥያቄ፣ መብራቱን ከገጠምኩ በኋላ ወዲያው ወደ ሳጥኑ ልመልሰው እችላለሁ?

ጡረተኛው

አትመልሰው። መጀመሪያ መብራቱ እንደተገጠመ ሜዳ ላይ ተኩስበት። አንዳንድ ሽጉጥ ከስሩ ክብደት ሲጨመርበት የቀለህ አተፋፉ ወይም የጥይት አጎራረሱ ይለወጣል። ቤት ልታስቀምጠው ባሰብከው በዚያው ጥይት ይሁን፣ ሁሉንም ካርታዎችህን እየቀያየርክ። ሜዳው ከፈቀደልህ አንዱን ዙር ሲመሽ አድርገው፣ በአውራ ጣትህ እያበራህ እያጠፋህ። ብሎኑን ከተኩሱ በኋላ እንደገና አጥብቀው፣ ቀለም በቀጭኑ አስምርበት፤ መስመሩ ከተዛነፈ ላልቷል ማለት ነው።